ዌስተርቪል፣ ሬይኖልድስበርግ ወይስ ደብሊን? ኮሎምበስ ዙሪያ ቤት ለሚፈልግ ሀበሻ

የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ አድራሻችንን ኮምፒዩተሯ ላይ ጻፈች። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው።

«ቤታችሁ በእኛ ዲስትሪክት ውስጥ አይደለም» አለችን።

ባለቤቴ የኪራይ ውሉን አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። ውሉ «ዌስተርቪል፣ ኦሃዮ» ይላል። አየችውና አዘነችልን። «ይሄ የፖስታ አድራሻ ነው። የትምህርት ቤት ድንበር ሌላ ነው» አለች። ትልቋ ልጄ አዲሱን ቦርሳዋን አንግታ አጠገቤ ቆማለች። ውሉን የፈረምነው ለአንድ ዓመት ነው። አከራዮቹ «ዌስተርቪል ነው» ሲሉን አምነን የገባነውም ለዚህችው ልጅ ትምህርት ብለን ነው። ውሉን ለማፍረስ የሁለት ወር ኪራይ ጠየቁን። አቅማችን አልፈቀደም። ልጄ ያን ዓመት ሌላ ቦታ ተማረች።

ነገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ሰንበቴ ላይ «የትኛው ሰበርብ (የዳርቻ ከተማ) ይሻላል?» የሚለኝን ሰው ሁሉ ቁጭ አድርጌ የማወራው። አሁን ደግሞ በጽሑፍ ላድርገው። ኮሎምበስ ከገባን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ሦስት ቦታ ኖረናል፤ ሌሎቹንም ዘመድና ጓደኛ ጋ ስንመላለስ አውቀናቸዋል። የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ የማዳላበት ቦታም አለኝ፣ አልደብቀውም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ በፊት ድንበሩን እወቁ

ኮሎምበስ የኦሃዮ ዋና ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 905,748 ነበር። ዙሪያዋን ሁላችንም ቱ ሰቨንቲ የምንለው ሃይዌይ ይከባታል፤ ርዝመቱ 55 ማይል ገደማ ነው። ሰበርቦቹ በአብዛኛው ይሄን ቀለበት ተከትለው ተቀምጠዋል። ካርታው ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን አይደለም።

በ1950ዎቹ ከንቲባ የነበሩት ጃክ ሴንሰንብሬነር አንድ ፖሊሲ ነበራቸው። ከኮሎምበስ ውኃና ፍሳሽ የሚፈልግ አዲስ መንደር ወደ ኮሎምበስ መጠቃለል ነበረበት። ከተማዋ በዚህ መንገድ ወደ ውጭ ተለጠጠች፤ በሰበርቦቹ መሀል እየገባች፣ አንዳንዶቹንም ጭራሽ ከበበቻቸው። ጥያቄው ወደ ትምህርት ቤት ዞረ። ኮሎምበስ የጠቀለለችው መሬት ላይ ያለ ልጅ የት ይማር? በ1986 የኮሎምበስና የሰበርቦቹ ትምህርት ቤቶች «ዊን ዊን» በሚባለው ስምምነት ተስማሙ። ከተማዋ ብትሰፋም የሰበርቡ ዲስትሪክት ድንበር ባለበት እንዲቆይ ተደረገ።

ውጤቱን ዛሬ እኛ እንኖረዋለን። አንድ ቤት የፖስታ አድራሻው ዌስተርቪል፣ ከተማው ኮሎምበስ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ድንበሮች የተለያዩ ናቸው። እኛን የጎዳን ይሄን አለማወቃችን ነው። የሚያውቅ ሰው ግን ይጠቀምበታል፤ እሱን ደብሊን ስንደርስ አነሳዋለሁ።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፍራንክሊን ካውንቲ ኦዲተር፣ ማለትም ቤት ለግብር የሚተምነው ቢሮ፣ ድረ ገጽ ላይ ግቡና የቤቱን አድራሻ ጻፉ። «ስኩል ዲስትሪክት» እና «ታክስ ዲስትሪክት» የሚሉትን መስመሮች አንብቡ። መዝጋቢዋ ለእኛ ያሳየችን ገጽ ይሄው ነው። ቤቱ ሌላ ካውንቲ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደላዌር ወይም ፌርፊልድ፣ እዚያም ኦዲተር አለ። ከዚያ የዲስትሪክቱ ቢሮ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሪልተሩ (የቤት ደላላው) ነገረኝ፣ ዚሎው የሚባለው የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ አየሁ ብላችሁ እንዳትፈርሙ። እዚህ አካባቢ ያሉ ብዙዎቹ የሰበርብ ዲስትሪክቶች ከድንበራቸው ውጭ ያለ ልጅ አይቀበሉም።

መኪና የማይነዳው ማነው?

ሰው ስለ ሰበርብ ሲጠይቀኝ እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ መኪና የማይነዳው ማነው? ብዙ ሰው ይሄን አያስብበትም። እኛም አላሰብንበትም ነበር።

እናቴ ከጉለሌ ስትመጣ የምንኖረው በሰሜን በኩል ሉዊስ ሴንተር ውስጥ ነበር። ቤቱ ሰፊ ነው። ሣሩ የታጨደ፣ መንገዱ ንጹሕ። እኔ ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። እናቴ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ደጅ ትወጣለች። የእግረኛ መንገዱ ከግቢው መውጫ እስከ ትልቁ መንገድ ይሄድና ሣር ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መኪና ብቻ ነው። እዚያ ትቆምና ትመለሳለች። አንድ ማታ «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። ጎረቤት ጋራዡን ከፍቶ ይገባል፣ ጋራዡን ዘግቶ ይጠፋል። ሰላምታ የሚለዋወጡት ሰው ሳታይ ሳምንት ያልፋት ነበር።

እናቴ ጉለሌ እያለች በቀን ሦስት ቤት ቡና የምትጠጣ ሴት ናት። ክረምቱ ሳያልቅ ከሳች።

ኮሎምበስ ባቡር የላትም። የመንገደኛ ባቡር የቆመው በ1979 ነው። ያለው ኮታ የሚባለው አውቶቡስ ነው፤ እሱም ሁሉም ሰበርብ አይገባም። በ2024 መራጩ የአውቶቡስ አገልግሎቱን ለማስፋት የሽያጭ ታክስ እንዲጨመር ድምፅ ሰጥቷል። ፈጣን የአውቶቡስ መስመሮች ይመጣሉ ተብሎ እየተሠራ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ እናት፣ አባት ወይም መንጃ ፈቃድ ያላወጣች ሚስት ያለበት ቤት መጀመሪያ የአውቶቡሱን ካርታ ማየት አለበት።

ዌስተርቪል፦ እኔ የምወዳት

እንግዲህ የማዳላበት ቦታ ይሄ ነው። ዌስተርቪል በሰሜን ምሥራቅ ናት፤ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 39,000 ገደማ ነው። አፕታውን የሚሉት መሀሏ የድሮ ከተማ ነው። ስቴት ስትሪት ላይ ሱቆቹ ተያይዘው ቆመዋል፣ የእግረኛ መንገዱም አይቋረጥም። በ1847 የተመሠረተው ኦተርበይን ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገብ ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱም በእግር ይደረሳል። ታናሹ ልጄ እሁድ ማታ «ነገ ላይብረሪ እንሂድ» የሚል ልጅ የሆነው እዚህ ከመጣን ነው።

ከተማዋ የራሷ ታሪክ አላት። ከ1909 ጀምሮ በአሜሪካ መጠጥ እንዲከለከል የታገለው የፀረ ሳሉን ሊግ መቀመጫው እዚህ ነበር። ከዚህ እየታተመ በመላ አገሪቱ የተበተነው ጽሑፍ ለቁጥር ይታክታል። አፕታውን ውስጥ መጠጥ ቤት እንደገና የተፈቀደው በ2006 ነው። ስለዚያ ዘመን የሚናገር ሙዚየም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ፤ ልጆች ይዛችሁ ሂዱ።

በሰሜን በኩል አፍሪካ ሮድ የሚባል መንገድ አለ። ስሙን መጀመሪያ ሳየው ከልቤ ደነገጥኩ። ኋላ ታሪኩን ሰማሁ። ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎችን በቤታቸው የሚደብቁ ገበሬዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች። ባርነትን የሚደግፍ ጎረቤት ሊያፌዝባቸው «አፍሪካ» ብሎ ጠራት። ስሙ ግን ክብር ሆኖ ቀረ። ሥራ ስሄድ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሁልጊዜ አስባቸዋለሁ።

እናቴን የታደጋት ግን ታሪክ ሳይሆን አውቶቡስ ነው። ሲማክስ የሚባለው ፈጣን አውቶቡስ ከ2018 ጀምሮ ክሊቭላንድ አቬኑን ይዞ ከዳውንታውን እስከ ዌስተርቪል ይመላለሳል፤ መጨረሻው ፖላሪስ ፓርክዌይና አፍሪካ ሮድ የሚገናኙበት ነው። ክሊቭላንድ አቬኑና ሞርስ ሮድ ያሉበት ኖርዝላንድ ደግሞ የእኛና የሶማሌ ወገኖቻችን ሰፈር ነው። ኮሎምበስ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ በአሜሪካ ብዙ ሶማሌ የሚኖርባት ከተማ ናት። እንጀራው፣ ሥጋው፣ በርበሬው፣ ሐዋላው፣ ፀጉር ቤቱ እዚያ ነው። በዚህ መስመር አጠገብ የሚኖር ሰው መኪና ባይኖረውም ወገኑ ጋ ይደርሳል። ማውንት ካርሜል ሴንት አንስ ሆስፒታልም እዚሁ መስመር ላይ ነው። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ በተለይ በረዶ በጣለ ሌሊት።

ጉድለቷንም ልናገር። ቤት ርካሽ አይደለም። አፕታውን አካባቢ ያሉት ቤቶች አሮጌ ናቸው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦውን፣ ጣሪያውንና ምድር ቤቱን በደንብ አስመርምሩ። ፖላሪስ አካባቢ ማታ መኪናው አይንቀሳቀስም። ሦስት ሃይስኩሎች አሉ፦ ኖርዝ፣ ሳውዝና ሴንትራል። ስማቸውን እየሰማችሁ አታማርጡ፤ በአካል ሄዳችሁ እዩአቸው። የእኛ ልጅ ሳውዝ ስትሄድ ከክፍሏ ልጆች ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ፀጉሯን ማንም አልነካባትም፣ ስሟን የሚያጣምምባትም ጥቂት ነበር። ይሄ በየትኛውም የነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ምሥራቁ፦ ሬይኖልድስበርግ፣ ጋሃናና ፒከሪንግተን

ገንዘቡ ውስን ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምልከው ወደ ሬይኖልድስበርግ ነው። በዌስተርቪል ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) በሚያስገዛ ገንዘብ እዚያ ጓሮ ያለው ቤት ይገኛል። አይ ሰቨንቲ የሚባለው ሃይዌይ አጠገቧ ያልፋል። የጭነት መኪና ነጂ ለሆነ አባወራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሜይን ስትሪትና ብሮድ ስትሪት ቀጥ ብለው ዳውንታውን ያደርሳሉ፤ አውቶቡስም አለባቸው።

ከተማዋ የቲማቲም አገር ትባላለች። አሌክሳንደር ሊቪንግስተን የተባለ የዘር ነጋዴ በ1870 ፓራጎን የሚባለውን ክብና ለስላሳ ቲማቲም ለገበያ ያበቃው እዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ ከቡታን የተሰደዱ ኔፓልኛ ተናጋሪዎች በብዛት ይኖሩባታል። ለእኛ ይሄ ጥቅም አለው። ሱቆቻቸው ውስጥ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ እርዱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ የፍየል ሥጋው አለ። እነሱም እንደ እኛ አያት ከልጅ ልጅ ጋር አብሮ የሚኖርባቸው ሰዎች ናቸው። ጓደኛዬ ጋ ስሄድ ማታ ማታ ሽማግሌዎቹ በመንገድ ሲንሸራሸሩ አያለሁ። እናቴ ካየቻቸው ጀምሮ እጅ ትነሳቸዋለች፤ ቋንቋ ባይኖራቸውም ይግባባሉ።

የሬይኖልድስበርግ ትምህርት ቤት ውጤት ከደብሊን ጋር አይወዳደርም። ይሄን ደብቄ አልመክርም። ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሰው ካለ ግን ልጅ እዚያም ይማራል፤ ከዚያ ወጥተው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች አውቃለሁ። በተረፈ እዚህም አድራሻውን አጣሩ። ሬይኖልድስበርግ የሚል አድራሻ ይዘው ሊኪንግ ሃይትስ ወይም ፒከሪንግተን ዲስትሪክት የሚወድቁ ቤቶች አሉ።

ፒከሪንግተን ከሬይኖልድስበርግ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። አዳዲስ ቤት የሚወድ ሰው ይወዳታል። ትምህርት ቤቶቿ ጥሩ ስም አላቸው፣ ጥቁር ቤተሰቦችም በብዛት ይኖሩባታል። ችግሩ ሩት 256 ነው። ጠዋት ሃይዌይ ለመድረስ ብቻ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅበት ቀን አለ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሥራው፣ ዘመዱ ሁሉ ሰሜን የሆነበት ሰው እዚያ ገብቶ ሲማረር አይቻለሁ።

ጋሃና ለኤርፖርት ሠራተኛ ናት። የጆን ግሌን ኤርፖርት ጎረቤቷ ነው። ኡበር የሚነዳ፣ ሻንጣ የሚጭን፣ ሆቴል የሚሠራ ሰው በአሥር ደቂቃ ሥራው ይደርሳል። አንድ ሃይስኩል ብቻ ስላላት የከተማው ልጅ ሁሉ አንድ ላይ ያድጋል። ክሪክሳይድ የሚባለው የወንዝ ዳር መናፈሻ ለክርስትናና ለምርቃት ፎቶ የታወቀ ነው። ቤቱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጓሮው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቁሙ፤ አንዳንድ ሰፈር ላይ የአውሮፕላን ድምፅ ይበዛል። ለእኔ ከዌስተርቪል ቀጥላ ያለችው ጋሃና ናት።

ደብሊንና ሂሊያርድ

በሰሜን ምዕራብ ደብሊን አለች። ስም ያላት እሷ ናት። የጎልፍ ውድድሩ፣ ጃክ ኒክላውስ በ1976 የጀመረው ሜሞሪያል፣ በየዓመቱ እዚያ ይካሄዳል። ሜዳ ላይ ሰው የሚያክሉ 109 የኮንክሪት በቆሎዎች ተተክለው ታያላችሁ። በ2020 የተከፈተው የእግረኛ ድልድይ ሲዮቶ ወንዝን ተሻግሮ ብሪጅ ፓርክ ያደርሳል፤ ማታ ሲበራ ያምራል። ሆንዳ ሜሪስቪል ላይ መኪና መገጣጠም ከጀመረበት ከ1982 ወዲህ ብዙ የጃፓን ቤተሰቦች ደብሊን ገብተዋል። ትምህርት ቤቶቹ የውጭ ልጅ ማስተማር የለመዱ ናቸው። ለኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ለነርስ፣ ለፋርማሲስት በቂ ሥራ አለ።

ሀበሻ ግን ጥቂት ነው። ቡና ለመጠጣት ቤቱ የምትገቡበት ጎረቤት ማግኘት ያስቸግራል። ከደብሊን ኖርዝላንድ ለመድረስ 161 የሚባለውን መንገድ ይዞ 25 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ከዚያም ይብሳል። ሁለታችሁም ከነዳችሁና ትልቁ ነገራችሁ የልጅ ትምህርት ከሆነ ደብሊን ጥሩ ናት። ቤቱን ገዝታችሁ ሞርጌጁን ለመክፈል ሁለት ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ግን ልጁን ማን ያየዋል? ይሄን የምለው በቅናት አይደለም። ልጁ አምስት ኮከብ ትምህርት ቤት ገብቶ ማታ ብቻውን የሚበላ ቤት አውቃለሁ።

አሁን ከላይ ወዳልኩት ልመለስ። ሶሚል ሮድና ሃርድ ሮድ አካባቢ ከተማው ኮሎምበስ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ደብሊን የሆኑ ብዙ አፓርትመንቶችና ታውንሃውሶች አሉ። ዊን ዊን የሚባለው ስምምነት የተወው ነው። ኪራዩ መሀል ደብሊን ካለው ይቀንሳል፣ ልጁ ግን የሚማረው እዚያው ነው። በዚያው አካባቢ ወደ ዎርዲንግተን ትምህርት ቤት የሚሄዱም አሉ። ሂሊያርድ በኩልም እንዲሁ። አዲስ ለመጣ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ዝም ብላችሁ «ደብሊን» የሚል ማስታወቂያ አትከተሉ፤ የኦዲተሩን ገጽ ከፍታችሁ ቤት በቤት ፈልጉ።

ሂሊያርድ ከደብሊን ቀለል ያለች ናት። ቤቱ ይቀንሳል፣ ሰዉ ትሑት ነው። አሮጌው የባቡር ሐዲድ የነበረበት መስመር አሁን የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ልጆቼ ብስክሌት የለመዱት እዚያ ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ሂሊያርድን አስቀድማለሁ። ኑር የሚባለው ትልቁ እስላማዊ ማዕከል በሂሊያርድና በደብሊን መካከል ነው። ጎረቤታችን የነበሩ የወሎ ሰዎች ለዚሁ ብለው ተዛወሩ፤ ልጆቻቸው ቁርኣኑንም ትምህርቱንም በአንድ ሰፈር አገኙ።

ብዙ የማልቆይባቸው

ሉዊስ ሴንተርና ፓወል ኦለንታንጂ በሚባለው ዲስትሪክት ውስጥ ናቸው። ትምህርቱ በጣም ጥሩ ነው። አውቶቡስ የለም ማለት ይቻላል። የእናቴን ነገር ነግሬአችኋለሁ።

ኒው ኦልባኒ በቀይ ጡብ ቤቶቿና በነጭ አጥሯ የታወቀች፣ ሀብታም ናት። ኢንቴል በ2022 ግዙፍ የቺፕ ፋብሪካ እሠራለሁ ሲል የሰው ዐይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ፋብሪካው ሥራ የሚጀምርበት ጊዜ ግን ተራዝሞ ወደ 2030 እና 2031 ተገፍቷል። ገና ባልተከፈተ ፋብሪካ ተስፋ ቤት አትግዙ።

ግሮቭ ሲቲ በደቡብ ምዕራብ ናት። ጸጥ ያለች፣ ዋጋዋም መካከለኛ ነው። በደቡብ በኩል፣ ግሮቭፖርትና ሪከንባከር አካባቢ፣ መጋዘን የሚሠራ ሰው ቢያስብባት ጥሩ ነው። ቤክስሊና አፐር አርሊንግተን ቆንጆ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኞቻችን አይቀመስም። ዋይትሆል በአንጻሩ ርካሽ ናት፣ ለዳውንታውንም ለኤርፖርትም ቅርብ ናት። ለጀማሪ ኪራይ ትሆናለች።

ታክሱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦሃዮ ውስጥ ከተማው ራሱ ከደሞዝ ላይ ታክስ ይቆርጣል። ኮሎምበስ 2.5 በመቶ ነው። ዌስተርቪልና ደብሊን 2 በመቶ ናቸው። ጋሃና፣ ሬይኖልድስበርግና ሂሊያርድ 2.5 ደርሰዋል። መጀመሪያ የሚቆርጠው የምትሠሩበት ከተማ ነው። የምትኖሩበት ከተማ ለዚያ ክፍያ ማካካሻ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ሙሉውን፣ አንዳንዱ ከፊሉን። ስለዚህ «ሉዊስ ሴንተር የከተማ ታክስ የለም» ሲባል እውነት ነው፤ ኮሎምበስ ውስጥ ከሠራችሁ ግን ያው 2.5ቱን ትከፍላላችሁ። ከቤት የሚሠራ ሰው ነው ልዩነቱን የሚያየው።

ሁለተኛው የትምህርት ቤት ገቢ ታክስ ነው። ዌስተርቪል፣ ደብሊንና ሂሊያርድ ዲስትሪክት የላቸውም። ሬይኖልድስበርግ ግማሽ በመቶ፣ ፒከሪንግተን አንድ በመቶ አለው። በዓመት 100,000 ዶላር የሚያገባ ቤት ሬይኖልድስበርግ 500፣ ፒከሪንግተን 1,000 ዶላር ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። ብዙ አሠሪ ይሄን ራሱ አይቆርጥም፤ ለፔይሮል ክፍሉ ካልነገራችሁ በኤፕሪል አንድ ላይ ይመጣባችኋል።

ሦስተኛው የቤት ግብር ነው። ኦሃዮ የሚተምነው ከገበያ ዋጋው 35 በመቶውን ነው። የሚከፈለውም ላለፈው ዓመት ነው። አዲስ የተሠራ ቤት ስትገዙ መጠንቀቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሂሳብ የሚመጣው በባዶ መሬቱ ላይ ተሰልቶ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲተመን ግብሩ ይዘላል፣ ባንኩም ያነሰውን ኤስክሮ፣ ማለትም ለግብሩ ከእናንተ እየሰበሰበ የሚያስቀምጠውን ገንዘብ፣ አንድ ላይ ይጠይቃችኋል። እህቴ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወርኃዊ ክፍያዋ ከ500 ዶላር በላይ ጨመረ። ሻጩ ድርጅት ቀድሞ አልነገራትም። በ2023 ፍራንክሊን ካውንቲ እንደገና ሲተምን የመኖሪያ ቤት ዋጋ በአማካይ 41 በመቶ ገደማ መጨመሩንም አትርሱ። 65 ዓመት የሞላው ባለቤት ያለበት ቤት ገቢው ከተወሰነው በታች ከሆነ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አለ፤ ኦዲተሩ ጋ ነው የሚጠየቀው።

የጭነት መኪና ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሰበርብ ትልቁን ትራክ ሰፈር ውስጥ ማቆም አይፈቅድም። ኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ያለበት ግቢ ከሆነማ ፒክአፕ ላይ ያለ መሰላል እንኳ ደብዳቤ ያስጽፋል። የማቆሚያ ኪራዩን ከሞርጌጁ ጋር ደምሩ። ባለቤቴ ትራኩን የሚያቆመው ከቤታችን 25 ደቂቃ ርቆ ነው። ሬይኖልድስበርግ ብንሆን ኖሮ እሱ ይቀለው ነበር። እኛ የእናቴን አስቀደምን፣ እሱም እሺ አለ።

ከመፈረም በፊት

ቤቱን እሁድ ከሰዓት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። እሁድ ሁሉም ሰፈር ያምራል። ማክሰኞ ጠዋት፣ በሀበሻ ሰዓት በ1:30፣ ከቤቱ ደጅ ተነሥታችሁ እስከ ሥራችሁ ንዱ። ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው በሀበሻ አቆጣጠር በ11 ሰዓት፣ ተመለሱ። ቅዳሜ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ በእግር ሂዱ፤ የእግረኛ መንገዱ የት እንደሚያልቅ እነሱ ናቸው የሚያሳዩአችሁ። የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማችሁ ስንት ደቂቃ እንደጠበቃችሁ ቁጠሩ። ከዚያም ቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም መስጊዳችሁ ውስጥ እዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው ፈልጉ። እድራችሁን ጠይቁ። አንድ ሰው ቢታመም በስንት ደቂቃ እንደሚደርሱላችሁ ያውቃሉ። ገና ከአገር ቤት የመጣችሁ ከሆናችሁ ኢቲኤስኤስ የሚባለው፣ በእኛው ሰዎች የተመሠረተው የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ኮሎምበስ ውስጥ አለ፤ ለስደተኛ ሁሉ ይሠራል፣ ገብታችሁ ጠይቁ።

እኛ አሁን የምንኖረው በአፕታውንና በክሊቭላንድ አቬኑ መሀል ነው። ቤቱ ትንሽ ነው። ኩሽናው ጠባብ ስለሆነ ምጣዱን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠነዋል። እናቴ ጠዋት ልጆቹን ከሸኘች በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ማቆሚያው ስምንት ደቂቃ ያስኬዳል። የኮታ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ሹፌሯን ታውቃታለች፤ ጋናዊት ናት፣ «ማማ» ትላታለች። ትናንት ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ከሀበሻ ሱቅ ነው የደወለችው፤ ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«የጤፍ ዱቄቱ ሁለት ዓይነት ነው» አለችኝ። «አንቺ የምትወጂው የትኛውን ነበር? ቶሎ በይ፣ ቡና አፍልተው እየጠበቁኝ ነው።»